ለፌቭር፦ ቀጥቃጩ ያወረሰው ስም

በሰሜን ፈረንሳይ፣ በሊል፣ በአሚየንና በኖርማንዲ በኩል የሚኖር ሰው ለፌቭር የሚባል ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ አያጣም። ስሙ በመላው አገሪቱ በብዛት ከሚያዙት ሃያ የቤተሰብ ስሞች አንዱ ነው። ማርቲን፣ በርናርና ፔቲን የመሳሰሉት ይቀድሙታል። ይህ ደረጃ ግን ትንሽ ያታልላል። ስሙ በየአውራጃው ሌላ መልክ እየያዘ ስለተበታተነ፣ እያንዳንዱ መልክ ለብቻው ይቆጠራል። ዘመዶቹ ሁሉ በአንድ ላይ ቢደመሩ ለፌቭር አሁን ካለበት በጣም ከፍ ይል ነበር።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ፌቭር» ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ «ለፌቭር» ሲባል ደግሞ «ቀጥቃጩ» ማለት ይሆናል። ምንጩ የላቲኑ «ፋቤር» ነው፤ እንጨትም ይሁን ድንጋይ ወይም ብረት፣ ጠንካራ ነገር የሚሠራ ባለሙያ ይባልበት ነበር። የዛሬ ፈረንሳዊ ቀጥቃጭን «ፎርዥሮን» ነው የሚለው። አሮጌው ቃል ከዕለት ንግግር ወጥቷል፤ ወርቅ አንጥረኛ «ኦርፌቭር» ሲባል ግን አሁንም ይሰማል። ስለዚህ አብዛኛው የስሙ ባለቤት የሚጠራበት ቃል በራሱ ቋንቋ የሞተ ቃል ነው።

ግን ለምን ይህን ያህል በዛ? በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይ ገበሬ የክርስትና ስም ብቻ ነበረው። የክርስትና ስሞቹ ደግሞ ጥቂት ነበሩ። በአንድ መንደር ብዙ ዣን፣ ብዙ ፒየር፣ ብዙ ጊዮም ሲኖር ጎረቤት መለያ ይጨምራል፦ ጫካው አጠገብ የሚኖረው «ዱቧ»፣ አጭሩ «ፔቲ»፣ ጸጉረ ቀዩ «ለሩ»። መለያ የሚሆነው ሌላው ሰው የሌለው ነገር ነው። መንደርተኛው በሙሉ አራሽ በሆነበት አንዱን «አራሹ» ብሎ መጥራት ማንንም አይለይም። ቀጥቃጭ ግን በየመንደሩ አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። «ዣን ቀጥቃጩ» ከተባለ የማይታወቅ የለም። የስሙ ብዛትም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ቀጥቃጮች ብዙ ልጅ ስለወለዱ ሳይሆን በየመንደሩ አንድ አንድ ስለነበሩ። ሁለት ለፌቭሮች ሲገናኙ ዘመድ ነን ብለው ቢተቃቀፉ አይከፋም፤ የሥጋ ዝምድና መኖሩ ግን እምብዛም ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ቢል አይፈረድበትም። ቀጥቃጭ «ጠይብ» ተብሎ በቡዳነት በተጠረጠረበት አገር፣ አፄ ምኒልክም ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል በደረሱበት አገር፣ ሰው ይህን ስም ለልጅ ልጁ በደስታ ያወርሳል ማለት ይከብዳል። በፈረንሳይ መንደርም ከእሳት ጋር የሚውል ሰው ምስጢር ያውቃል ተብሎ ይጠረጠር ነበር፤ ስሙን ግን የሚደብቀው አልነበረም። ሥራውም ሁሉም የሚፈልገው ነው። ማረሻ በየወቅቱ ይዶለዱማል፤ ቀጥቃጩ ጫፉን በእሳት አግሎ እንደገና ያወጣዋል። ማጭድ፣ የበር ማጠፊያና የጋሪ ጎማ ብረት ከእጁ ይወጣሉ። የፈረሱን ኮቴ ብረት የሚገጥምበት አሠራር ደግሞ እስከ ዛሬ አለ። የጋለውን ብረት ኮቴው ላይ ለአፍታ ይጭነዋል፤ የተቃጠለ ቀንድ የሚሸት ወፍራም ጭስ ይወጣል፤ ያልተቃጠለውን ቦታ አይቶ ብረቱ የት እንዳልተቀመጠ ያውቃል፤ ኮቴውን ይሞርዳል፤ ብረቱን ውኃ ውስጥ አቀዝቅዞ በምስማር ይመታዋል። ፈረሱ ምንም አይሰማውም፤ የኮቴው ውጫዊ ክፍል እንደ ጥፍር ነው።

አሁን ወደ ዘመዶቹ። ያው «ፋቤር» በደቡብ ፈረንሳይ ፋብር እና ፎር ሆነ፤ በሳቮያና በስዊስ በኩል ፋቭር፤ በፍራንሽ-ኮንቴ «ለ» የሌለው ፌቭር፤ በምዕራብ ለፎቭር። የብሬታኝ ሰዎች ላቲንን ስላልተከተሉ በራሳቸው ቋንቋ ለጎፍ አሉት፤ አልዛሶች ደግሞ እንደ ጀርመኖቹ ሽሚት። በነፍሳት ጥናቱ የታወቀው ዣን-ሄንሪ ፋብር፣ ከ1895 እስከ 1899 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የነበረው ፌሊክስ ፎር፣ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ጸሐፊው ዣክ ለጎፍ ስማቸው የአንድ ሰው ስም ነው፤ የቀጥቃጩ። (ዘመናቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከድንበር ማዶም እንግሊዙ ስሚዝ፣ ጣሊያኑ ፌራሪ፣ ዓረቡ ሐዳድ ከዚሁ ሙያ የመጡ ስሞች ናቸው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የአጻጻፉ ነገር ነው። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከ«ቪ» በፊት «ቢ» ትገባለች፤ አንባቢ ግን አይጠራትም። ያስገቧት የመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ጸሐፍት ናቸው። አንደኛው ምክንያት የሊቅነት ጉራ ነው፤ በላቲኑ «ፋቤር» ውስጥ «ቢ» መኖሯን ማሳየት ፈልገው ነበር። ሁለተኛው ግን ቁም ነገር አለው። በዚያ ዘመን «ዩ» እና «ቪ» በአንድ ዓይነት ቅርጽ ስለሚጻፉ አንባቢው የትኛው እንደሆነ ይምታታበታል፤ «ቢ» ከፊት ስትቆም ቀጥሎ ያለው ተነባቢ መሆኑን ትጠቁማለች። የካቲትን በግምት የሚያክለው የፈረንሳዮቹ ወር «ፌቭሪዬ» እንኳ በዚያ ዘመን በ«ቢ» ይጻፍ ነበር። በኋላ የተራ ቃላት አጻጻፍ ሲታረም «ቢ» ከሁሉም ወጣች፤ ከሰው ስም ግን የሚያወጣት አልተገኘም። ጠቋሚዋ ያልገባቸውም ነበሩ፤ ምልክቱን «ዩ» ብለው አንብበው ለፌቡር የሚባል አዲስ ስም ፈጠሩ። የጸሐፍቱ ጥንቃቄ ራሱ ለስህተት በር ከፈተ ማለት ነው።

ስሙን ያጸናው መንግሥት ነው። በ1539 ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ በቪለር-ኮትሬ ባወጣው ድንጋጌ ቄሶች የጥምቀት መዝገብ እንዲይዙ ታዘዙ። ቄሱ የሚጽፈው እንደሰማው ስለነበር የአንድ ቤት ልጆች ስም በተለያየ ፊደል ተመዝግቦ ይገኛል። የፈረንሳይ አብዮት በ1792 መዝገቡን ከቤተ ክርስቲያን ወስዶ ለማዘጋጃ ቤት ሰጠ፤ በ1794 ደግሞ በልደት ምስክር ወረቀት ላይ ካለው ውጪ በሌላ ስም መጠራትን በሕግ ከለከለ። ከዚያ ወዲያ «ቢ» ያለውም የሌለውም ባለበት ደረቀ። ሕጉ የላላው በእኛ ዘመን ነው፤ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው የእናቱን ወይም የአባቱን የቤተሰብ ስም መርጦ ለመያዝ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ማመልከት ይበቃዋል፤ ያውም በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ።

ስሙን ይዘው የታወቁ ሰዎች በሐሳብ አይገናኙም። ዣክ ለፌቭር ዴታፕል በ1530 መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በፈረንሳይኛ አሳተመ። አልዛሳዊው ፍራንሷ-ዦሴፍ ለፌቭር ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ በ1804 የናፖሊዮን ማርሻል ሆነ፤ ልብስ አጣቢ የነበረችው ሚስቱ ካትሪን በ1893 ሳርዱና ሞሮ በጻፉት «ማዳም ሳን-ዤን» በተባለ ቲያትር ከባሏ ይልቅ ታዋቂ ሆነች። በ20ኛው መቶ ዘመን ደግሞ አንዱ ለፌቭር፣ ሄንሪ፣ የማርክሲስት ፈላስፋ ነበር፤ ሌላው፣ ማርሴል፣ የሁለተኛውን የቫቲካን ጉባኤ ለውጥ አልቀበልም ያለና በ1988 የተወገዘ ሊቀ ጳጳስ። ሁለቱም የሞቱት በ1991 ነው።

ወደ እኛም አገር የመጣ አለ። የባሕር ኃይል መኮንኑ ቴዎፊል ለፌቭር ከ1839 እስከ 1843 ኢትዮጵያን ዞሮ ባለ ብዙ ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ ትቷል። አብረውት ከመጡት የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ካርቲን-ዲዮን በትኩሳት ሞተ፤ ሐኪሙን ፔቲን ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። የጉዞው መሪ «ቀጥቃጩ»፣ ሐኪሙ «ትንሹ»፦ ሁለት ተራ የፈረንሳይ መንደር ስሞች ነበሩ። መጽሐፉን በቤተ መጻሕፍት ማውጫ ውስጥ የምትፈልጉ ከሆነ የደራሲውን ስም በ«ቢ» ጻፉት፤ ያለዚያ ሌላ ለፌቭር ይመጣባችኋል።