ሐሞት የምር ሲፈስ

በአማርኛችን ወኔ የከዳውን ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን። በሕክምናው ዓለም ግን ሐሞት የምር የሚፈስበት ጊዜ አለ፤ አንዱም ከከባድ የቆሽት ቀዶ ጥገና በኋላ ባሉት ቀናት ነው። «ይሄ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ምን ይሠራለታል?» የሚል አይጠፋም። እኛ «ቀዶ ጥገናው ተሳካ» ብለን ለመጻፍ ስለምንቸኩል ነዋ!

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሐሞት ጉበት የሚያመነጨው፣ ቅባት እንዲፈጭ የሚረዳ ፈሳሽ ነው። ወደ አንጀት የሚወርድበት ቱቦ የሚያልፈው በቆሽት ራስ በኩል ነው። እዚያ ቦታ ላይ ካንሰር ሲገኝና ማውጣት ሲቻል «ዊፕል» የሚባለው ቀዶ ጥገና ይሠራል። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1935 ዘዴውን ካስተዋወቀው አሜሪካዊ ሐኪም ከአለን ዊፕል የመጣ ነው። ጀርመናዊው ዋልተር ካውሽ ግን በ1909 ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ ነበር።

ሐኪሞቹ የቆሽቱን ራስ፣ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢቱንና የሐሞት ቱቦውን የታችኛ ክፍል ቆርጠው ያወጣሉ። ከዚያም የቀረውን ቆሽት፣ የሐሞት ቱቦውንና ጨጓራውን እንደገና ከአንጀት ጋር ይሰፋሉ።

ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። በተለይ ቱቦው ቀጭን ከሆነ ስፌቱ ያስቸግራል። ስፌቱ ካልያዘ ሐሞት ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስና ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። ከጠበበ ደግሞ ሐሞቱ መውረጃ ያጣል፤ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትም ሊከተል ይችላል።

ፍሳሹ በምን ይታወቃል? ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገናው ወቅት ሆድ ውስጥ በሚተው ማፍሰሻ ቱቦ ነው። በ2011 በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት፣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ቢሊሩቢን (የሐሞት ቢጫ ቀለም) በደም ውስጥ ካለው ቢያንስ 3 እጥፍ ከሆነ ሐሞት እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ቀላሉ ፍሳሽ በቱቦው እየወጣ በራሱ ሊደርቅ ይችላል። ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ካለ በቆዳ በኩል ሌላ ቱቦ ይገባል። ከባድ ከሆነ ግን ታካሚው ተመልሶ ቀዶ ጥገና ክፍል ሊገባ ይችላል።

እንግዲህ ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ስለወጣ ብቻ ዜናው አላለቀም። የታካሚውን ፈቃድ ይዘን ከቀናት በኋላ ተመልሰን «ትኩሳት አለው? በቱቦው ምን እየወጣ ነው?» ብለን እንጠይቅ። «ተሳካ» የምትለዋ ቃል እስከዚያ ብትቆይ ምንም አትሆንም።