ከቢቸና እስከ ሞጣ፦ ደብር ሲጎበኙ ምን ማየት ይገባል?

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚያደርሰው መንገድ የምሥራቅ ጎጃምን ታላላቅ ደብሮች ያገናኛል። መንገደኛው ግን በዛፍ መካከል ብቅ ያለ ቆርቆሮ ሲያይ «ይኼማ አዲስ ነው» ብሎ ያልፋል። ጣሪያ ይታደሳል፤ የደብር ዕድሜ የሚታወቀው በጉባኤ ቤቱና በዕቃ ቤቱ ነው።

ዲማ ጊዮርጊስ ለቢቸና ቅርብ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ዲማን ሳይረግጣት ያውቃታል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። የአካባቢው ስም በቅኔ የገነነ ነው። መምህሩ ቅኔ ዘርፎ ምሥጢሩን ያብራራል፤ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ገለል ይልና የራሱን ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። ጀማሪው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። ለካህናቱና ለደብተራዎቹ ርስት ሰጥተዋል። የመሬት ስጦታና ሽያጭ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ይጻፍ ስለነበር፣ ደብሩ የዛሬውን የውልና ማስረጃ ሥራ ጭምር ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል። ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ የምትገኘው መርጡለ ማርያም ደግሞ ከንግሥት እሌኒ ስም ጋር የተያያዘች ናት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን እንደገና ካሠሩት ሕንፃ የተረፈውን ፍርስራሽ ሲያዩ፣ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን አበባ ቀረብ ብለው ይመልከቱ።

ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው፦ ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መካከል ላይ መቅደስ። ሥዕሉ በብዛት ያለው በመቅደሱ ግድግዳ ውጫዊ ገጽ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። ወደ መቅደስ መግባት ለጎብኚ አይፈቀድም። ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ይለበሳል፤ ሴቶች በደቡብ በር ይገባሉ። ረቡዕና ዓርብ ቅዳሴ የሚያልቀው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ዕቃ ቤት ለማየትም ሆነ ፎቶ ለማንሣት አስተዳዳሪውን ያስፈቅዱ። ሕዝቡን ከነማኅሌቱ ማየት የፈለገ ለጊዮርጊስ በ23፣ ለማርያም በ21 ይሂድ።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ደብሮቹ ካህኑንና መምህሩን ያኖሩበት የነበረውን መሬት አጡ። የቆሎ ተማሪው ግን ዛሬም አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ስለዚህ ጎብኚ ከመመለሱ በፊት ለጉባኤ ቤቱ የሚሰጠው ነገር መምህሩን በወንበሩ ለማቆየት ይረዳል።