ብጉርና የአገር ቤት መድኃኒት፦ የሚጠቅመውና የሚጎዳው

ውድ እኅቶች፣ በቱቅባም ሆነ በደማም በሰው ቤት ስትሠሩ ብጉር ሲወጣባችሁ ቶሎ የሚታወሳችሁ አገር ቤት ሳላችሁ እናቶቻችን ሲቀቡት ያያችሁት ቅጠል ነው። ይህ አይነቀፍም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ ይነግረናል፤ ነቢዩ ኢሳይያስም ለንጉሥ ሕዝቅያስ ቍስል የበለስ ጥፍጥፍ አዝዟል። ሆኖም ከምድር የበቀለ ሁሉ ለፊት አይሆንምና መለየት ያስፈልጋል።

ብጉር የቆሻሻ ምልክት አይደለም። የቆዳ ቀዳዳ በቅባት ሲደፈን በውስጡ ባክቴሪያ ይራባል፤ ያብጣልም። ላብና ከመጥበሻ የሚነሣው የዘይት እንፋሎት ያባብሱታል። ጠዋትና ማታ በለስላሳ ሳሙና መታጠብ ይበቃል፤ መፈተግ ግን ይጎዳል።

እሬት፦ በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመና በኢራን በ60 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሐኪም ከሚያዘው ቅባት ጋር እሬት የተቀቡት ቅባቱን ብቻ ከተቀቡት የበለጠ ተሽሏቸዋል። ይህ ግን እሬት ብቻውን ይፈውሳል ማለት አይደለም። ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ያሳክካልና ይፍሰስ፤ ነጣ ያለውን ዝልግልግ ብቻ ተቀቡ።

የሻይ ዛፍ ዘይት (ቲ ትሪ)፦ በ1990 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ በ124 ሕሙማን ላይ 5 በመቶ የሆነው ዘይት ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ተነጻጽሮ ነበር። ሁለቱም ብጉርን ቀንሰዋል፤ ዘይቱ ቢዘገይም ቆዳን ያስቸገረው በጥቂቱ ነው። ሳይቀጠን አይቀባም፣ አይጠጣምም።

ሎሚና ነጭ ሽንኩርት፦ እነዚህን ፊት ላይ አታድርጉ። ነጭ ሽንኩርት እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ ይቋጥራል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ጽሑፍ የሌለበት የማንጫ ክሬም ነው። አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፤ ኩላሊትን ይጎዳል፣ በእጅና በፎጣ በኩልም ለምታሳድጓቸው ሕፃናት ይተርፋል። ሌላው ኃይለኛ ስቴሮይድ አለበት፤ መጀመሪያ ፊትን ያጠራል፣ ኋላ ብጉሩን ያብሰዋል።

ሰይደሊያ ስትሄዱ ወይም ሰው ስትልኩ «ለሐብ ሸባብ» ብላችሁ 2.5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጠይቁ። ጨርቅ ስለሚያነጣ የቤቱን ፎጣና አንሶላ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ለውጥ ለማየት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መታገሥ ይገባል። ብጉሩ ትልልቅና የሚያም፣ ጠባሳም የሚተው ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

እኅቶች፣ እግዚአብሔር የሰጠንን ፊት በትዕግሥት እንንከባከበው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።