ዚንክ በመዳብ ሰልፌት ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?

በኬሚስትሪ መምህርነቴ ዘወትር እንደምታዘበው፣ የአፀግብሮትን ውጤት ሁሉ እንደ ዳዊት በቃላቸው ለመያዝ የሚደክሙ ተማሪዎች፣ የብረታ ብረቶችን የማዕርግ ተራ ያወቀ ሰው አብዛኛውን አስቀድሞ ሊናገረው እንደሚችል ገና አልተገለጠላቸውም። ተራውም ከኃያሉ ወደ ደካማው ሲወርድ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ አሉሚኒየም፣ ዚንክ፣ ብረት፣ እርሳስ፣ ሃይድሮጂን፣ መዳብ፣ ብር፣ ወርቅ ነው።

እንግዲህ የዚንክ ቁራጭ መዳብ ሰልፌት በሟሟበት ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ቢነከር፣ ዚንክ በማዕርግ የላቀ ነውና ኤሌክትሮኖቹን ለመዳቡ አስረክቦ እርሱ ወደ ፈሳሹ ሲገባ፣ መዳቡ ቀላ ብሎ በዚንኩ ላይ ይለጠፋል፤ ሰማያዊውም ቀለም እየደበዘዘ ይሄዳል። መዳብን በዚንክ ሰልፌት ውስጥ ብናኖር ግን ምንም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1836 እንግሊዛዊው ጆን ዳንኤል ባትሪውን የሠራው በዚሁ የዚንክና የመዳብ የማዕርግ ልዩነት ሲሆን፣ መጠኑም 1.10 ቮልት ያህል ነው።

በፈተና ብዙዎችን የሚያሰናክለው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚጥመኝ፣ የሶዲየም ነገር ነው። ሶዲየም ከመዳብ እጅግ ስለሚበልጥ መዳብን ያስወጣል ብሎ የሚጽፍ ተማሪ፣ ፈሳሹ በአብዛኛው ውሃ መሆኑን ዘንግቷል፤ ሶዲየም አስቀድሞ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፣ የተገኘውም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከመዳብ ሰልፌት ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ዝቃጭ፣ ይኸውም መዳብ ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። (ማንም በቤቱ እንዳይሞክረው፤ ሶዲየም ውሃ ሲነካ ሊፈነዳ ይችላልና።)

አሉሚኒየምም ስስ የኦክሳይድ ልባስ ስለ ሸፈነው ከማዕርጉ በታች የዋለ ይመስላል፤ በመዳብ ሰልፌቱ ላይ ጥቂት የገበታ ጨው ሲጨመር ግን ልባሱ ይጠቃና እውነተኛ ጠባዩ ይገለጣል።