ስለ ቤተ ሰብ ፎቶግራፍ አጠባበቅ

በየዓመቱ ጥር 11 ቀን በጎንደር ከተማ፥ በዓፄ ፋሲል መዋኛ የጥምቀት በዓል ሲከበር፥ ሕዝቡ ታቦታቱንና ካህናቱን ብቻ ሳይሆን ልጆቹን፥ አሮጊት እናቱንና ለበዓሉ ከውጭ አገር የመጣ ዘመዱን በአንድነት ፎቶግራፍ ሲያነሣ ይውላል። ይህም ሁሉ ሥዕል ማታ የሚያድረው ርዝመቷ 15፥ ወርዷም 11 ሚሊ ሜትር በሆነች፥ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም በማትበልጥ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ስለዚህች ታናሽ ዕቃ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ለማስረዳት ወደድን፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ብዙ ቤተ ሰብ ከርስዋ በቀር ሌላ መዝገብ የለውምና።

ቀድሞ ፎቶግራፍ በፊልም ሲነሣ፥ ፊልሙ በፎቶ ቤት ወይም በሣጥን፥ የታጠበውም ወረቀት በአልበም ይቀመጥ ነበር፤ ደግሞ አንዱ ቅጂ ለአያት፥ አንዱም ለክርስትና አባት ይላክ ነበር። እንዲህም በመሆኑ ማንም ሳያስብበት አንዱ ሥዕል በሦስትና በአራት ቤት ይገኝ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ሰው በአንድ ቀን አምስት መቶ ሥዕል አንሥቶ አምስት መቶውንም በአንድ ኪስ ይዞ ይሄዳል። ሥዕሉ በዛ፥ ቅጂው ግን አነሰ። ጉዳቱም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በልቅሶ ቀን ነው፤ በአገራችን ልማድ ለቀስተኛው የሟቹን ፎቶግራፍ ከፍ አድርጎ ይዞ ያለቅሳልና፥ ያን ጊዜ ስልኩ አልከፈት ቢል ወይም ካርዷ ባዶ ሆና ብትገኝ ለቤቱ ሁለተኛ ሐዘን ይሆንበታል።

በአንድ ስፍራ ብቻ የተቀመጠ ነገር ምን እንደሚያገኘው የጎንደር ሰው ከሌላው ይልቅ ያውቃል። ከተማይቱ በ1859 ዓ.ም. በዓፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ፥ እንደ ገናም በ1880 ዓ.ም. በደርቡሾች እጅ ተቃጥላለች። ዓፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው ወደ መቅደላ ካስወሰዷቸው መጻሕፍት ብዙዎቹን፥ በ1860 ዓ.ም. አምባው በተያዘ ጊዜ እንግሊዞች ወሰዷቸው፤ 350 ያህል የመቅደላ መጻሕፍትም እስከ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ይሁን እንጂ አስቀድሞ በሌላ ደብር የተገለበጠ መጽሐፍ ብራናው ቢወሰድም ቃሉ አልጠፋም፤ ቅጂ ያልነበረው ግን ከብራናው ጋራ ሄደ። በኋላም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ8,000 የሚበልጡ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፥ ሌላውን በአሜሪካ በሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም አስቀመጠ። የቤተ ሰብም ሥዕል በዚሁ ሥርዓት ሊጠበቅ ይገባል እንላለን።

ሚሞሪ ካርድ የምትጠፋው በመስረቅና በመጣል ብቻ አይደለም። በውስጧ ያለው ፍላሽ የተባለው ጥበብ፥ ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሳለ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ ያወጣው ነው። እጅግ በደቀቁ ክፍሎች ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል እየታሰረ ሥዕሉን ይይዛል። ክፍሎቹም በተጻፈባቸውና በተፋቁ ቍጥር፥ ተፍቆ ተፍቆ እንደሚሳሳ ብራና፥ እየደከሙ ይሄዳሉ። ደግሞ ካርዷ ኤሌክትሪክ ሳያገኛት ለብዙ ዓመት በሣጥን ብትቀመጥ የታሰረው ኃይል ቀስ በቀስ ያመልጣል፤ ስለዚህ ካርድ የመንገድ ስንቅ እንጂ ጎተራ አይደለችም። ከሁሉም የከፋው በገበያ የሚሸጠው ሐሰተኛ ካርድ ነው፤ በላይዋ 128 ጊጋ ባይት ተጽፎባት በውስጧ ግን ያን ያህል አትይዝም፤ ከልኳም በላይ የተጨመረው ሥዕል ስሙ ብቻ ይታያል እንጂ አይከፈትም። አዲስ ካርድ የገዛ ሰው ከሠርጉ ቀን አስቀድሞ እስከ ጫፏ ሞልቶ፥ መጨረሻ የገቡትን ከፍቶ ይመርምር።

አጠባበቁን በሚመለከት፥ አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ በሰፊው ያስታወቀው ደንብ አለ፤ ይኸውም ሦስት ቅጂ፥ በሁለት ዐይነት ዕቃ፥ አንዱም ከቤት ውጭ እንዲሆን ነው። ለጎንደር ቤተ ሰብ ይህ ከባድ አይደለም። በበዓሉ ማታ ሥዕሉ ወደ ኮምፒዩተር ይገልበጥ፤ ሁለተኛው ቅጂ በሃርድ ዲስክ ይሁን፤ ሦስተኛው በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ከተማ ለሚኖር ዘመድ ይሰጥ። ሦስቱም ተከፍተው ሳይታዩ ካርዷ አትጥፋ። ብዙ ሰው በቴሌግራም የላከውን እንደ ተጠበቀ ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን እንደ ፎቶ የተላከው ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል፤ እንደ ፋይል የተላከው ግን እንዳለ ይደርሳል። ጉግልም ያለ ክፍያ 15 ጊጋ ባይት ስፍራ ይሰጣል። ኢንተርኔትን ብቻ መታመን ግን አይበጅም፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ አንባቢው ያስታውሳል።

ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በውስጡ ሰሌዳ የሚሽከረከርበት ሃርድ ዲስክ፥ የሚጽፍና የሚያነበው ክፍሉ እጅግ በቀጠነ አየር ላይ ተንሳፎ ነው የሚሠራ፤ አየሩ ሲሳሳ ሰሌዳውን ሊነካና ሊቧጥጥ ይችላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ከ3,000 ሜትር ያህል በላይ እንዳይሠራበት ይወስናሉ። ሳንቃ በርና ጨነቅ ሁለቱም ከዚያ በላይ ናቸው። ዲስኩን አጥፍቶ መያዝ አይጐዳውም፤ በዚያ መገልበጥ የግድ ከሆነ ግን የሚሽከረከር ነገር የሌለበት ኤስ ኤስ ዲ የተባለው ይሻላል። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር ጥቂት ስለምትበልጥ ይህ ሥጋት የለባትም። የስሜን ሌሊት ብርድም ባትሪውን ያደክመዋል፤ ካሜራው ሥዕል ሲጽፍ ድንገት ቢጠፋ ያ ሥዕል፥ አንዳንድ ጊዜም የካርዷ ማውጫ በሞላው ይበላሻል። ባትሪው ሌሊት በብርድ ልብስ ውስጥ ይደር።

ሥዕሉ በስሕተት ቢሰረዝ ተስፋ መቍረጥ አይገባም። ሲሰረዝ የሚፋቀው የማውጫው መስመር ነው፤ ሥዕሉ ግን ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ በስፍራው ይቈያል። ስለዚህ በዚያች ካርድ ከዚያ በኋላ አንድ ሥዕል እንኳ አይነሣ፤ ከስልኩ ወይም ከካሜራው ትውጣ፤ ኮምፒዩተሩም ፎርማት ላድርግ ብሎ ቢጠይቅ እሺ አይባል። ፎቶሬክ የተባለው ፕሮግራም ያለ ዋጋ ይገኛል፤ የተገኘውንም ሥዕል በዚያችው ካርድ ላይ ሳይሆን በሌላ ስፍራ ማስቀመጥ ነው። ካርዷን ኮምፒዩተሩ ከቶ ካላወቃት ግን የተበላሸው አካሏ ስለሆነ ፕሮግራም አይረዳትም፤ በቢላዋ መፈልቀቅና በእሳት ማሞቅም የቀረውን ማጥፋት ነው። በስልኩ በራሱ ሆድ የነበረውን ሥዕል ማውጣት ደግሞ ከካርድ ይልቅ እጅግ ይከብዳል፤ የዛሬ ስልኮች የያዙትን ሁሉ በምሥጢር ቈልፈው ያስቀምጣሉና።

በመጨረሻም ስለ ወረቀት አንድ ነገር እንጨምራለን። ከዓመቱ ሥዕል ዐሥሩን ወይም ሃያውን መርጦ በፎቶ ቤት ማሳጠብ እንደ ድሮ ሰው ሥራ ይቈጠር ይሆናል፤ እኛ ግን ከሁሉ አስቀድመን የምንመክረው ይህንን ነው። ከጀርባውም በለስላሳ እርሳስ የሰዎቹ ስም፥ ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ፤ አያቲቱም በሕይወት ሳሉ በአሮጌው አልበም ያሉት እነማን እንደ ሆኑ ይጠየቁ።