ሁለት ዲፈረንሻል ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ፒካፕ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ሰምቶ ሳይጨርስ «ሁለት ዲፈረንሻል ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» ከተባለ የክረምቱን ጭቃና ድንጋያማውን ዳገት እያሰበ ልቡ ያርፋል። ጀርመን አገር የስፖርት መኪና የሚያዝ ሰውም የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ እዚያ ግን «አዎ» የሚለው መልስ አንዱን ደስ ሲያሰኝ የሌላውን ፊት ያስቋጥራል። ገንዘብ ጨምሮ አራቱንም ጎማ ሞተር የሚያዞርለትን የሚመርጥ አለ። «በነጻ ቢጨምሩልኝም አልፈልግም» የሚልም አለ። ይሄ ሁለተኛው ሰውዬ ዕብድ አይደለም። ጸሐፊው ከሁለቱ አንዱንም የመግዛት አቅም ባይኖረውም የሰውዬው ነገር ሲያብሰለስለው ኖሯል።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን ብቻ የሚያዞረውን መኪና «ኋላ ገፊ» እንበለው፤ አራቱንም የሚያዞረውን «ባለ አራት»። የስፖርት መኪናው ባለ አራት ከፒካፑ ጋር ስም እንጂ ጠባይ አይጋራም። ማንሻ ጎትተው የሚያስገቡት ከባድ ማርሽ የለውም፤ ከጉድጓድ ለመውጣትም አልተሠራም። ሥራው ሞተሩ የሚያወጣውን ጉልበት መሬት ላይ ሳይባክን ማሳረፍ ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከጎማ ነው። መኪናው የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን፣ መሬት የሚነካው ከመዳፍ ብዙም በማይሰፉ አራት ቦታዎች ብቻ ነው። መፍጠኑም መቆሙም መታጠፉም የሚወጣው ከዚያችው መዳፍ ነው። የጎማ አቅም እንደ ወር ደመወዝ ነው፤ ለአንዱ ያወጡት ለሌላው አይተርፍም። ጥግ ድረስ እየታጠፈ ያለ ጎማ ላይ ነዳጅ ቢጨምሩበት ያለው ስለማይበቃው ይንሸራተታል። ኋላ ገፊ መኪና ላይ የፊት ጎማዎች ደመወዛቸውን ከነሳንቲሙ ለመታጠፍ ያውሉታል፤ መግፋት የኋላዎቹ ዕዳ ነው። ሥራው ተከፋፍሏል። ባለ አራት ላይ ግን የፊቶቹ እየታጠፉ እንዲጎትቱም ይታዘዛሉ። አሽከርካሪው መታጠፊያ መሃል ላይ ነዳጅ ሲረግጥ መኪናው ፊቱን ቀጥ አድርጎ ከመንገዱ ወደ ውጭ ልሂድ ይላል። ኋላ ገፊው በዚያው ስህተት ፊቱ ይታዘዝና ኋላው ይሸሻል። የመጀመሪያው ስህተት አሰልቺ ነው፣ ሁለተኛው አስደንጋጭ። ልምድ ያለው ሰው ሁለተኛውን የሚወደው ነዳጅ በሰጠበት እግር መኪናውን ማዞርም ስለሚችል ነው። መሪውን ወደ ሸሸበት አቅጣጫ መልሶ፣ እግሩን አለስልሶ፣ ኋላውን ወደ ቦታው ያመጣዋል። ልምድ የሌለው ደግሞ ዞሮ የመጣበትን መንገድ ሲያይ ይነቃል።

ታዲያ ሁለት ጎማ ብቻ ሲገፋ ጉልበቱ አይባክንም ወይ? መባከን አለመባከኑ የሚወሰነው ክብደቱ ባለበት ቦታ ነው። ሚኒባስ ታክሲ ድንገት ሲነሳ ገና ያልተቀመጠ ተሳፋሪ ወደ ኋላ ይወረወራል። የመኪናው ክብደትም እንደዚያው በተነሳ ቁጥር ወደ ኋላ ጎማዎች ይሄዳል፤ የኋላዎቹ መሬቱን ይበልጥ ይጨብጣሉ፣ የፊቶቹ ይቀላሉ። ሞተሩ ራሱ ከኋላ ከሆነማ ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የነዳ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ያቺ ጉልበት የሌላት መኪና ሞተሯ በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለተጫነ፣ ባዶ ፒካፕ ኋላው እየዋኘ በሚቀርበት ጭቃ ዳገት ተንፈቅፍቃ ትወጣለች። ፖርሽ 911 የዚህች ቮልስ የቅርብ ዘመድ ነው። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነበር፤ ስሙን የያዘው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1963 ፍራንክፈርት ላይ አዲሱን መኪና ሲያሳይ ሞተሩን ያው ከኋላ ትቶት ነው የመጣው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

እዚህ ላይ ቁጥር መደርደር ያስፈልጋል፤ ቁጥሮቹ ከክርክሩ ይልቅ ይናገራሉ። በ2019 ገበያ የወጣው 911 ካሬራ ኤስ ኋላ ገፊ ነው፤ ከቆመበት 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 3.7 ሰከንድ ይፈጅበታል። ያው 450 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ወንድሙ፣ ካሬራ 4ኤስ፣ በ3.6 ይደርሳል። የሰከንድ አንድ አሥረኛ! ለዚያች አሥረኛ 50 ኪሎ ተጨማሪ ክብደት ይሸከማል። ሞተሩ መሃል ላይ የሆነውን ላምቦርጊኒ ሁራካን ብናይ ባለ አራቱ በ3.2፣ ኋላ ገፊው በ3.4 ሰከንድ ይደርሳል፤ ኋላ ገፊው በ30 የፈረስ ጉልበት እንደሚያንስ፣ በ33 ኪሎ ደግሞ እንደሚቀል ሳይረሳ። ሞተሩ ከፊት ወደተቀመጠው ቢኤምደብሊው ኤም3 ኮምፒቲሽን ስንመጣ ባለ አራቱ 3.5፣ ኋላ ገፊው 3.9 ነው። ልዩነቱ ከኋላ ወደ ፊት ስንሄድ 0.1፣ 0.2፣ 0.4 ሆነ። ሦስቱ መኪኖች በሌላም በሌላም ስለሚለያዩ የላቦራቶሪ ሙከራ አይደለም፤ አካሄዱ ግን ግልጽ ነው። ሞተሩ ከሚገፉት ጎማዎች በራቀ ቁጥር የፊቶቹን እርዳታ መግዛት ያዋጣል። ስለዚህ «ሁለት ነው አራት?» ከማለት በፊት «ሞተሩ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

መልሱ አንድ ብቻ እንዳልሆነ የ911 ታሪክ ራሱ ያሳያል። በ1975 የመጣው ባለ ተርቦው 911 ኋላ ገፊ ነበር፤ ተርቦው ዘግይቶ ድንገት ሲነቃ መታጠፊያ መሃል ያለ ሰውን ጉድ ይሠራው ነበር። ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ያነሳ ደግሞ ባሰበት፤ ክብደቱ ወደ ፊት ሲሸሽ ያ ከኋላ የተንጠለጠለው ሞተር እንደ መዶሻ ይወነጨፋል። ፖርሽ በ1989 ካሬራ 4ን አወጣ፤ ጉልበቱን 31 በመቶ ለፊት፣ 69 በመቶ ለኋላ ያከፋፍል ነበር። ባለ ተርቦው ከ1995 ጀምሮ ባለ አራት ሆነ። ለውድድር ሜዳ የሚሠራው ጂቲ3 ግን ዛሬም ኋላ ገፊ ነው። ያው ፋብሪካ፣ ያው ቅርጽ፣ ሁለት መልስ።

ባለ አራትን የፎርሙላ 1 መሐንዲሶችም ሞክረውታል። በ1961 ስተርሊንግ ሞስ እንግሊዝ አገር ኦልተን ፓርክ ላይ ፈርጉሰን ፒ99 በተባለ ባለ አራት አሸንፏል። በ1969 ሎተስ፣ ማትራና ማክላረን ተራ በተራ ሞከሩ፤ አልቀናቸውም። ክንፍ የሚባለው ነገር በዚያው ሰሞን መጥቶ መኪናውን በነፋስ ወደ መሬት ይጫነው ጀመር፤ ያ ሁሉ ዘንግና ጥርስ ሳይጨመር ጎማው ያዘ። በ1983 ደንቡ ባለ አራትን ጭራሽ ከለከለ።

የሽያጭ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የማያነሳው አንድ ነገር አለ። ባለ አራት መኪና የተሻለ ይነሳል እንጂ የተሻለ አይቆምም። ፍሬን ሲያዝ ሁሉም መኪና ባለ አራት ነው፤ ቮልሷም ላምቦርጊኒውም በአራቱም ጎማቸው ነው የሚቆሙት። እንዲያውም 50 ኪሎ የጨመረው ትንሽ ይከብደዋል። ባለ አራት አሽከርካሪውን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው፤ በእርጥብ መንገድ ላይ ሳይንሸራተት ስለሚነሳ መንገዱ ደረቅ ይመስለዋል። ኋላ ገፊው ቀድሞ ትንሽ ይወላገድና መንገዱ ክፉ መሆኑን ይነግራል። ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ የሚኖር የሀገር ልጅ በበረዶ ወቅት ይህን ቢያስታውስ ደግ ነው። የበረዶ ጎማ የገጠመ ኋላ ገፊ፣ የስፖርት ጎማውን ሳይቀይር በረዶ ላይ ከወጣ ባለ አራት የተሻለ ይቆማል፣ የተሻለም ይታጠፋል። ጎማው ከዲፈረንሻሉ ይበልጣል። የጎማን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ባለ አራት ላይ የአራቱም ጎማ እድሜ ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ አንዱ ቢፈነዳ አንድ ብቻ ገዝቶ መገላገል ብዙ ጊዜ አይቻልም። ኪስ ያውቀዋል።

«እንግዲያው ሁለቱንም አንድ መኪና ላይ አይሠሩትም?» የሚል ይኖራል። ሠርተውታል። ኒሳን በ1989 ባወጣው ስካይላይን ጂቲ-አር ላይ መኪናው በተለመደው ጊዜ ኋላ ገፊ ነው፤ የኋላ ጎማዎች መንሸራተት ሲጀምሩ ኮምፒውተሩ ተደራራቢ ዲስኮች ያሉትን ፍሪሲዮን አጥብቆ ለፊቶቹ የሚያስፈልጋቸውን ያህል ይልካል። ይህ መኪና ከ1990 እስከ 1993 በጃፓን የቱሪንግ መኪኖች ሻምፒዮና የተካሄዱትን 29 ውድድሮች አንድም ሳይጥል አሸነፈ፤ አውስትራሊያውያን «ጎድዚላ» አሉት። ቢኤምደብሊውም በባለ አራቶቹ ኤም3 እና ኤም5 ላይ የፊት ጎማዎቹን ከሞተሩ ፈጽሞ የሚለይ ምርጫ አስገብቷል። ጠዋት በዝናብ ባለ አራት፣ ማታ በሜዳ ኋላ ገፊ። ለእኔ ግን ይህ ጥያቄውን ግማሽ ያህል ነው የሚመልሰው፤ የፊቶቹ ሥራ ቢፈቱም ዘንጉና ዲፈረንሻሉ ከመኪናው አይወርዱም። ሳህኑን ባትበላበትም ማጠቡ አይቀርልህም። በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል፤ ከፊት ሌላ ሞተር ማስቀመጥ ነው እንጂ መሃል ለመሃል የሚዘረጋ ዘንግ የለም።

ስትመርጥ ምን ልበልህ? ሞተሩ ከፊት ሆኖ ጉልበቱ ከ500 ፈረስ ካለፈ፣ ወይም በዓመት ብዙ ወር ዝናብና በረዶ ባለበት አገር ዕለት ዕለት የምትነዳው ከሆነ ባለ አራቱን ውሰድ፤ አታፍርበትም። መኪናው ቀላል ከሆነ፣ ጉልበቱ መጠነኛ ከሆነ፣ ወይም ሞተሩ ከኋላ ወይም መሃል ከሆነና የምትነዳው እንደ ዱባይ ባለ ደረቅ አስፋልት ላይ ከሆነ ግን ያንን 50 ኪሎ ለምን ትሸከማለህ? እኔ ኋላ ገፊውን እወስድ ነበር፤ የተረፈኝን ገንዘብ ጎማ ላይ አውለውና በዝግ ሜዳ አንድ ሁለት ቀን እማርበት ነበር።

ኋላ ገፊና ባለ አራት ፊት ለፊት የተገጠሙት በ1983 የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ላይ ነው። አውዲ ባለ አራቱን ኳትሮ በ1980 ጄኔቫ ላይ ካሳየ በኋላ መኪናው ጭቃና በረዶ ባለበት ሁሉ እየቀደመ ነበር፤ ሁሉም ሰው ኋላ ገፊ አበቃለት ብሎ ነበር። ጣሊያኖቹ የላንቻ ሰዎች ግን 037 የተባለ፣ ሞተሩ መሃል ላይ የተቀመጠ፣ ክብደቱ ከ1000 ኪሎ በታች የሆነ ኋላ ገፊ ይዘው መጡ። የኳትሮ ሞተር ከፊት ጎማዎች እንኳ አልፎ ወደ ፊት የተንጠለጠለ ስለነበር መኪናው መታጠፍ አይወድም፤ 037 ግን እንደታዘዘ ይታጠፋል። የላንቻ ቡድን አለቃ ቼዛሬ ፊዮሪዮ የመኪናውን ደካማ ጎን አላጣውም። ወደ በረዶው የስዊድን ራሊ ጭራሽ አልሄደም፤ ለጠላት ተወለት። በሞንቴ ካርሎ በዚያ ዓመት መንገዱ አብዛኛው ደረቅ ሆነ፤ የቀረውን በረዶ ለማቅለጥ ፊዮሪዮ ጨው አስበተነ የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አልቆመም። ጀርመናዊው ዋልተር ሮርል አንደኛ፣ ፊንላንዳዊው ማርኩ አለን ሁለተኛ፣ ሁለቱም በ037። ኮርሲካ አስፋልት ላይ አለን አሸነፈ። ግሪክና ኒውዚላንድ በኮረት መንገድ፣ ኳትሮ ሊያሸንፍበት በሚገባው ላይ፣ ሮርል አሸነፈ። የአሽከርካሪዎቹን ሻምፒዮንነት የአውዲው ሃኑ ሚኮላ ወሰደ፤ የአምራቾቹ ዋንጫ ግን 118 ለ116፣ በሁለት ነጥብ ልዩነት፣ የላንቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ ያነሳ ኋላ ገፊ የለም።

ሮርል በዚያው ዓመት ማብቂያ ላንቻን ለቆ አውዲ ገባ። በጥር 1984 ሞንቴ ካርሎ በበረዶ ተሸፍኖ ጠበቀው። አምና በሁለት ጎማ ያሸነፈው ሰው ዘንድሮ በአራት አሸነፈ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡትም ኳትሮዎች ነበሩ። የላንቻ ሰዎችም ቱሪን ላይ ወደ ሠሌዳቸው ተመለሱ፤ በ1985 መጨረሻ ለውድድር ያቀረቧት ዴልታ ኤስ4 አራቱንም ጎማ የምታዞር ነበረች።