የፈጠራ ኮምፒዩቲንግ ትምህርትና የሚያስገኘው ሙያ

በሒሳብ የሚበልጥና ሥዕልም የሚወድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ 11ኛ ክፍል ሲደርስ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። የሥዕል ዝንባሌው ብዙውን ጊዜ እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ተቆጥሮ ይቀራል። በሌሎች አገሮች ግን ሁለቱን ዝንባሌዎች በአንድነት የሚያዳብር የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተቋቁሟል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትምህርቱን ምንነትና የሚያመራበትን የሥራ መስክ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማስረዳት ነው።

ሀ. አነሳሱ

ኮምፒዩተርን ለሥነ ጥበብ ማዋል አዲስ ነገር አይደለም። በ1968 እ.ኤ.አ. ያስያ ራይካርት በለንደን ያዘጋጁት ዐውደ ርእይ በኮምፒዩተር የተሠሩ ሥዕሎችን፣ ሙዚቃዎችንና ግጥሞችን ለሕዝብ አቅርቧል። በዚያን ጊዜ ግን መሣሪያው ከጥቂት ተቋማት በስተቀር አይገኝም ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የጀመሩት «ፕሮሰሲንግ» የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ ትምህርቱን ለብዙዎች አቅርቧል።

ለ. ይዘቱ

የለንደኑ ጎልድስሚዝስ ኮሌጅና የለንደን የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ከሰጡት መካከል ናቸው። ተማሪው ፕሮግራም መጻፍን ከሥዕል፣ ከድምፅና ከንድፍ ሥራ ጋር አጣምሮ ይማራል። ለምሳሌ አንድ ክብ በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ እንደ ፔንዱለም እንዲወዛወዝ ቢፈለግ፣ ተማሪው የክቡን ቦታ በሳይን ፋንክሽን አስልቶ ፕሮግራሙ ሥዕሉን በሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል እንዲያድስ ያዛል። ዓይን ይህን የሚያየው እንደ አንድ ያልተቋረጠ እንቅስቃሴ ነው። ፍጥነቱን ለመጨመር የሚለወጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ረቂቅ መስሎ የታየው ትሪጎኖሜትሪ በዚህ መንገድ በዓይን የሚታይ ይሆናል።

ሐ. የሥራው መስክ

ተመራቂዎች በኮምፒዩተር ጨዋታ፣ በአኒሜሽን፣ በድምፅ መሣሪያዎች ፕሮግራም፣ በሙዚየም ማሳያዎችና በመረጃ ሥዕላዊ አቀራረብ ሊሰማሩ ይችላሉ። ለአገራችን ቅርብ የሆነው ምሳሌ የፊደል ቅርጽ ሥራ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 በመካተቱ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር አግኝቷል። ቁጥሩ ግን የፊደሉን መልክ አይወስንም። መልኩን የሚሰጠው የቁም ጽሕፈትን ወግና የመስመሮችን ስሌት አጣምሮ የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

ይህ ሲባል ዲግሪው ብቻውን ሥራ ያስገኛል ማለት አይደለም። ቀጣሪዎች ከምስክር ወረቀቱ ባሻገር የተሠሩ ሥራዎችን ናሙና ማየት ይፈልጋሉ።

መ. ማጠቃለያ

ለጅምሩ የግድ አዲስ የትምህርት ክፍል ማቋቋም አያስፈልግም። የኮምፒዩተር ሳይንስና የሥነ ጥበብ ክፍሎች ተማሪዎቻቸው በጋራ የሚወስዱት አንድ ኮርስ ቢያዘጋጁ መነሻ ይሆናል። የሁለተኛ ደረጃ መምህራንም ሁለት ዝንባሌ ያለውን ተማሪ አንዱን ጣል ብሎ ከመምከር ይልቅ ሁለቱን የሚያገናኝ ሙያ መኖሩን ቢያስረዱት፣ ባክኖ የሚቀር ተሰጥዖን ያድናሉ።